ከመሳቢያ ወደ ግድግዳ፦ የዩዤን አትዤ ሕይወትና የሚጠፉ ሰፈሮች ፎቶግራፍ

መግቢያ

የአዲስ አበባው ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም እዚያው ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የኪራይ ቤቶችን ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ እጅ ካዛወረ በኋላ፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱት የሰፈሩ ቤቶች በቂ እድሳት ሳያገኙ ለአሠርት ዓመታት ኖሩ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በመልሶ ማልማት ሥራ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያና የንግድ ሕንፃዎች ቆሙ። ቤት ሲፈርስ ደጃፉ፣ ጉሊቱ፣ የውሃ ቦኖውና የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ቦታም አብረው ይፈርሳሉ። ከዚያ በኋላ ለተመራማሪ የሚቀረው፣ የተነሣ ካለ፣ ፎቶግራፉ ነው።

የፈረሰ ወይም ሊፈርስ የተቃረበ ቦታ ፎቶግራፍ ሁለት ማደሪያ አለው። አንደኛው የቤተ መዛግብት መሳቢያ ነው፤ በዚያ ምስሉ ከአድራሻ፣ ከቀንና ከቁጥር ጋር ተሰድሮ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው የዐውደ ርእይ ግድግዳ ነው፤ በዚያ ያው ምስል ክፈፍ ገብቶ፣ ለብርሃኑ፣ ለጥላውና ለቅርጹ ሲባል ይታያል። ሁለቱም ማደሪያዎች በአንድ ሰው ሥራ ላይ በተራ ሲፈራረቁ በግልጽ የታየው በፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ በዩዤን አትዤ ሕይወትና ከሞቱ በኋላ በመጣው ዝናው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአትዤን ሕይወት የሚተርከው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ ግድግዳው ለምስሎቹ ክብርን ቢሰጥም፣ ምስሎቹን ለትውልድ ያተረፋቸው መሳቢያው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመርከብ ወደ መድረክ

ዣን ዩዤን ኦጉስት አትዤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1857 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ አጠገብ በምትገኘው በሊቡርን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። አትዤ ገና በአምስት ዓመቱ ገደማ አባቱን አጣ፤ ብዙም ሳይቆይ እናቱም ስለ ሞተች አያቶቹ በቦርዶ አሳደጉት። በወጣትነቱ በንግድ መርከብ ላይ ሠርቶ ነበር። በ1878 ወደ ፓሪስ ሄዶ ተዋናይ ለመሆን የብሔራዊውን የድራማ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ቢወስድም አልተሳካለትም። በሚቀጥለው ዓመት ፈተናውን አልፎ ቢገባም፣ የውትድርና ግዴታውንና ትምህርቱን በአንድ ጊዜ መወጣት ስለ ከበደው በ1881 ትምህርቱን ሳይጨርስ ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ በፓሪስ ዳርቻዎችና በክፍለ ሀገር ከተሞች ከሚዘዋወሩ የቴያትር ቡድኖች ጋር በአነስተኛ ገጸ ባሕርያት እየተጫወተ ኖረ። የሕይወት ጓደኛው የሆነችውን ተዋናይት ቫለንቲን ኮምፓኞንን ያገኛትም በዚሁ የመድረክ ዘመን፣ በ1886 ገደማ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጉሮሮ ሕመም መድረኩን አስተወው። ጥቂት ጊዜ ሥዕል ከሞከረ በኋላ በ1880ዎቹ መጨረሻ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ወደ ሙያው የገባው የሠላሳ ዓመት ዕድሜን ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ሙያዎች ከእጁ ካመለጡ ወዲህ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለእርሱ በመጀመሪያ ደረጃ የዕለት እንጀራ ነበረ።

ሰነድ ሻጩ

በ1890 ገደማ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በደጁ ላይ የሰቀለው ማስታወቂያ ለሠዓልያን ሰነድ የሚያቀርብ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። በዘመኑ ሠዓልያን፣ የቴያትር መድረክ ሠሪዎች፣ አናጺዎችና የብረት ሠራተኞች ለሥራቸው መነሻ የሚሆን ምስል ይፈልጉ ነበር፤ የአበባ፣ የዛፍ ግንድ፣ የበር እጀታ፣ የደረጃ መደገፊያ። አትዤ ይህን ሁሉ እያነሣ በቅናሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሰነድ የሚለውን ስም የመረጠው በትሕትና ብቻ አልነበረም። ሰነድ ገዢ ያለው ዕቃ ነበረ፤ ገዢውም ከምስሉ የሚፈልገው የአንሺውን ስሜት ሳይሆን የነገሩን መልክ በትክክል ማየት ነው።

ከ1897 ጀምሮ ሥራው አዲስ አቅጣጫ ያዘ። በዚያው ዓመት የፓሪስ ከተማ አስተዳደር የአሮጌዋን ፓሪስ ቅርሶች የሚከታተል ኮሚሽን አቋቋመ። ለዚህ ምክንያት የሆነው ከ1853 እስከ 1870 ባሮን ኦስማን በንጉሠ ነገሥቱ በናፖሌዎን ሣልሳዊ ትእዛዝ የመራው የከተማ ማፍረስና ማደስ ሥራ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ጠባብ መንገዶች በሰፋፊ ጎዳናዎች ተተክተው ነበር፤ የማፍረሱ ሥራ ከኦስማን በኋላም አላቆመም። ዜጎች ከጠፋው በኋላ ገና ያልጠፋውን መፈለግ ሲጀምሩ ለአሮጌ ቤት ምስል ገበያ ተፈጠረ። አትዤ ይህን ገበያ አስተዋለ፤ የፓሪስን ታሪካዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የካርናቫሌን ቤተ መዘክርና የብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት ደንበኞቹ አደረገ። ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክርም ከእርሱ ገዝቷል።

በ1906 የፓሪስ ታሪካዊ ቤተ መጻሕፍት የከተማዋን ማዕከላዊ ሰፈሮች መንገድ በመንገድ እንዲያነሣ ሥራ ሰጠው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አትዤ ቤት በቤት፣ ግቢ በግቢ እየተከተለ መዘገበ። የበር መዝጊያ፣ የደረጃ ብረት፣ የመጠጥ ቤት ምልክት፣ የተሰነጠቀ ግንብ፣ በምሰሶ ተደግፎ የቆመ ቤት ሁሉ በየራሱ ቁጥርና አድራሻ ወደ መዝገብ ገባ። በቆዳ ፋብሪካዎች ቆሻሻ የጠቆረውን የቢየቭር ወንዝ በ1912 በፓሪስ ክልል ሙሉ በሙሉ ከመሸፈኑ በፊት አነሣው። ዛሬ ያ ወንዝ በከተማዋ ውስጥ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው የሚመለከተው እነዚያን ምስሎች ነው።

መሣሪያውና ባዶው መንገድ

የአትዤ መሣሪያ በዘመኑ እንኳ ያረጀ ነበር። ባለ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ኔጋቲቭ የሚቀበል፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ሆድ ያለው የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የመስታወት መያዣዎች ተሸክሞ ከተማዋን በእግር ያቋርጥ ነበር። ምስሎቹን ያትም የነበረው በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ነው። ረጅም ሕንፃን ሳያጎብጥ ለማንሣት ሌንሱን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በብዙ ምስሎቹ የላይኛው ማዕዘን ላይ የጠቆረ ቅስት ይታያል። በንጹሕ ሥራ የሚኮራ ባለሙያ ይህን ጥቁረት ቈርጦ ያስወግደው ነበር፤ አትዤ ግን ተወው።

ከሁሉ ይልቅ ተመልካችን የሚይዘው የመንገዶቹ ባዶነት ነው። ይህ ባዶነት ግን ከአሠራር የመጣ ነው። አትዤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሠረገላና እግረኛ ከመብዛቱ በፊት፣ በማለዳ ነበር። የመስታወቱ ብርሃን የመቀበያ ጊዜ ረጅም ስለ ሆነ የሚንቀሳቀስ ሰው ወይ ፈጽሞ አይታይም፣ ወይ እንደ ጭስ የደበዘዘ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የተተወ መስሎ የሚታየው ሰፈር ብዙውን ጊዜ በሰው የተጨናነቀ ነበር። በመስኮቱ የተሰጣው ልብስ፣ በደጃፉ የቆመው ጋሪ፣ በመስታወቱ በስተኋላ በድብቅ የሚመለከተው ፊት ይህን ይመሰክራሉ። የፍርስራሽን ፎቶግራፍ የሚያጠና ሰው ይህን መርሳት የለበትም፤ ዝምታው የካሜራው እንጂ የሰፈሩ ላይሆን ይችላል።

ከግንቡ ውጭ የሚኖሩት

አትዤ በ1910 እና በ1915 መካከል ሰባት አልበሞች አዘጋጅቶ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ሸጠ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የፓሪስ ቤቶችን የውስጥ ክፍል ያሳያል፤ ሌሎቹ ሠረገላዎችን፣ ሱቆችንና ሙያዎችን፣ የሱቅ ምልክቶችን፣ የከተማዋን የምሽግ ግንብና በግንቡ ዙሪያ የሚኖሩ ድሆችን የሚመለከቱ ናቸው። ከ1841 እስከ 1844 የተሠራው ግንብ በዙሪያው ለውትድርና ሲባል ሕንፃ የማይቆምበት የ250 ሜትር ቀበቶ ነበረው። በዚያ ቀበቶ ላይ ግን ጨርቅና ቁራጭ ዕቃ ሰብሳቢዎች በጣውላና በቆርቆሮ ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር። አትዤ በ1912 እና በ1913 እነርሱንና መኖሪያቸውን አነሣ። በእነዚህ ምስሎች ውስጥ ሰዎች ቀጥ ብለው ወደ ካሜራው ይመለከታሉ፤ ጎጆው፣ ጋሪው፣ የተከመረው ጨርቅና የቤተ ሰቡ አባላት በአንድነት ይታያሉ። ግንቡ ከ1919 ጀምሮ መፍረስ ሲጀምር ያ አኗኗር በጽሑፍ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ በዚያ አልበም ውስጥ የሚመለከተው ሰው ይበልጥ ያውቀዋል።

ሰነዶቹ ግን ፍጹም እውነት ተናጋሪ አልነበሩም። ስለ ቤቶች የውስጥ ክፍል በሚያሳየው አልበም ውስጥ አንድ የቴያትር ሰው መኖሪያ ተብሎ የቀረበው የአትዤ የራሱ ቤት መሆኑን ተመራማሪዋ ሞሊ ነስቢት አሳይታለች። የምስሉ መግለጫ ጽሑፍ ራሱ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ሊደብቅም ሊያሳስትም ይችላል። ይህ የመዝገብን ጥቅም አያፈርስም፤ መዝገብም እንደ ማንኛውም ምንጭ መመርመር እንዳለበት ግን ያስታውሳል።

ጦርነቱና ሽያጩ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአትዤን ሥራ ከሞላ ጐደል አስቆመው። የቫለንቲን ልጅ ሌዎን በጦርነቱ ሞተ። አትዤ የመስታወት ኔጋቲቮቹን ከጉዳት ለመጠበቅ ወደ ምድር ቤት አወረዳቸው። ሰላም ሲመለስ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ የቀድሞ ደንበኞቹም ቀንሰው ነበር። በ1920 ለመንግሥቱ የኪነ ጥበባት ኃላፊ ለፖል ሌዎን ደብዳቤ ጽፎ የሃያ ዓመት ሥራውን እንዲገዛው ጠየቀ። በደብዳቤው የጠቀሰው ሥጋት ዕድሜው መግፋቱና ስብስቡ ዋጋውን በማያውቅ ሰው እጅ ወድቆ መጥፋቱ ነው። መንግሥት 2,600 ያህል ኔጋቲቮችን በ10,000 ፍራንክ ገዛ።

ይህ ሽያጭ ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። አትዤ በሕይወት ሳለ ትልቅ የግል ዐውደ ርእይ አልቀረበለትም፤ እርሱም የሚጨነቀው ስለ ግድግዳ አልነበረም። የሚያሳስበው መስታወቱ እንዳይሰበር፣ ቁጥሩ እንዳይደባለቅ፣ ስብስቡ እንዳይበተን ነበር። ገንዘቡ ደግሞ ሌላ ነገር ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የሚያዝዘውን ብቻ ሳይሆን የወደደውን ለማንሣት ጊዜ አገኘ።

የተተወው መናፈሻ

በ1925፣ ከማርች እስከ ጁን፣ አትዤ ከፓሪስ በስተደቡብ በሚገኘው የሶ መናፈሻ 66 ፎቶግራፎችን አነሣ። መናፈሻው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ለኮልቤር በአትክልት ንድፍ አውጪው በሌ ኖትር የተነደፈ ነበር። ከጊዜ ብዛት ግን ተትቶ ዱር ወርሶት ነበር። የሴን አስተዳደር በ1923 ስለ ገዛው የእድሳት ሥራ ሊጀመርበት ተቃርቦ ነበር። አትዤ የደረሰው መተዉ ሊያበቃ፣ እድሳቱም ሊጀመር በነበረበት ወቅት ነው። ሣር የወረሳቸውን ደረጃዎች፣ ሻጋታ የለበሱ ሐውልቶችን፣ ረግተው የቆሙ ኩሬዎችንና መቀስ ያልነካቸውን ዛፎች አነሣ። በአንዳንዶቹ ላይ ሰዓቱን ሳይቀር መዝግቧል፤ ማለዳ 7 ሰዓት የሚል ምልክት ያለባቸው አሉ። ይህም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጧት 1 ሰዓት ነው።

የ68 ዓመቱ አዛውንት ለእነዚህ ምስሎች ገዢ አልነበረውም ማለት ይቻላል። የሶ ሥራ ዛሬ በፍርስራሽና በተተዉ ቦታዎች ጥበባዊ ፎቶግራፍ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ስለዚህ ነው፤ በውስጡ የሰነድ ሻጩ ልማድና የሠዓሊው ነጻነት አንድ ላይ ይገኛሉ። ውበቱ ከመዝገቡ አልተለየም፤ ቦታው፣ ወሩና ሰዓቱ ከምስሉ ጋር ናቸው።

ጎረቤቶቹ

አትዤ ከ1899 ጀምሮ በሞንፓርናስ፣ በካምፓኝ ፕሪሚየር መንገድ ቁጥር 17 ድጋሚ በሚባለው ቤት ይኖር ነበር። በዚያው መንገድ ላይ አሜሪካዊው የሰርሪያሊስት አርቲስት ማን ሬይ የሥራ ክፍል ነበረው። ማን ሬይ በሽማግሌው ምስሎች ውስጥ ከሰነድ ያለፈ ነገር አየ፤ የሱቅ መስታወት ውስጥ ያሉት አሻንጉሊት ሰዎች፣ ባዶዎቹ ማዕዘናት፣ ከመስታወት ላይ የሚንጸባረቁት ዛፎች ለሰርሪያሊስቶች እንደ ሕልም ነበሩ። በ1926 የሰርሪያሊስቶች መጽሔት ከአትዤ ምስሎች ጥቂቱን አተመ። ከእነርሱ አንዱ፣ ለሽፋን የዋለው፣ በ1912 የፀሐይ ግርዶሽን ለማየት አንጋጠው የቆሙ ሰዎችን የሚያሳየው ነው። አትዤ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠየቀ፤ ለእርሱ ምስሎቹ ሰነዶች ብቻ ነበሩና።

የማን ሬይ ረዳት የነበረችው ወጣት አሜሪካዊት በረኒስ አቦት በ1925 ምስሎቹን አየች፤ ወደ ቤቱም ትመላለስ ጀመር። ቫለንቲን በ1926 ከሞተች በኋላ አትዤ በጣም ደከመ። በ1927 አቦት የራሱን ፎቶግራፍ አነሣችው። ምስሎቹን አትማ ልታሳየው ስትመለስ ግን ሞቶ አገኘችው። አትዤ ያረፈው ኦገስት 4 ቀን 1927፣ በ70 ዓመቱ ነው።

ከሞት በኋላ ወደ ግድግዳ

የአትዤ ኑዛዜ አስፈጻሚ የቀድሞ የመድረክ ጓደኛው አንድሬ ካልሜት ነበር። ከኔጋቲቮቹ የተወሰኑት ለመንግሥት የታሪካዊ ሐውልቶች መዝገብ ሲሸጡ፣ አቦት በ1928 ከሺህ የሚበልጡ ኔጋቲቮችንና በሺዎች የሚቈጠሩ ኅትመቶችን ገዛች። በዚያው ዓመት ሥራዎቹ በፓሪስ በሻንዜሊዜ ቴያትር ደረጃዎች ላይ በተካሄደው ነጻ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ታዩ። በ1929 በጀርመን ሽቱትጋርት በተዘጋጀው ታላቅ የፊልምና ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ላይ ቀረቡ። በ1930 ምስሎቹን የያዘ መጽሐፍ ታተመ። በሕይወት ሳለ ሰነድ ሻጭ የነበረው ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ የዘመናዊ ፎቶግራፍ አባት ተብሎ መጠራት ጀመረ።

አቦት ስብስቡን ወደ ኒው ዮርክ ይዛ ሄደች፤ ለአርባ ዓመታት ያህልም ጠበቀችው። ከአትዤ የተማረችውን በራሷ ከተማ ላይ አዋለችው። በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ስትለወጥ አሮጌው ሕንፃ በአዲሱ ሲተካ መዘገበች፤ ሥራዋም በ1939 በመጽሐፍ ወጣ። በ1968 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የአትዤን ስብስብ ገዛ። ከ1981 እስከ 1985 የቤተ መዘክሩ የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ ጆን ሳርኮውስኪና ተመራማሪዋ ማሪያ ሞሪስ ሃምበርግ አራት ዐውደ ርእዮችንና አራት ጥራዞችን አዘጋጁ። ሃምበርግ የኔጋቲቮቹን የቁጥር ሥርዓት ፈትታ ምስሎቹን በየዓመታቸው መደርደር ቻለች። ያ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምስል መቼና የት እንደ ተነሣ በአብዛኛው ባልታወቀ ነበር።

ክርክሩ

ይህ ዝና ክርክር አስነሣ። ጀርመናዊው ሐያሲ ዋልተር ቤንያሚን በ1930ዎቹ ባቀረባቸው ጽሑፎች የአትዤን ባዶ መንገዶች ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ ጋር አመሳሰላቸው። ለእርሱ እነዚህ ምስሎች ተመልካቹን በዝምታ የሚያስደስቱ ሳይሆኑ ማስረጃ ሆነው የሚጠይቁ ናቸው፤ ስለዚህ መግለጫ ጽሑፍ ግድ ያስፈልጋቸዋል። በ1982 አሜሪካዊቷ ሐያሲ ሮዛሊንድ ክራውስ ሌላ ጥያቄ አነሣች። የአትዤ ቁጥሮች የተወሰዱት ደንበኞቹ ከነበሩት ቤተ መጻሕፍት የማውጫ አሠራር ከሆነ፣ ቤተ መዘክሩ እንደ አንድ ሠዓሊ የሕይወት ሥራ አድርጎ ማሳየቱ ተገቢ ነውን? ለክራውስ ምስሎቹ የተወለዱት ለመሳቢያ ነው፤ በግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ሌላ ነገር ሆኑ።

ሁለቱም አስተያየቶች ከፊል እውነት አላቸው። ግድግዳው ባይኖር አትዤን የሚያውቁት ጥቂት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ብቻ በሆኑ ነበር፤ አቦትና ቤተ መዘክሩ ባያሳዩት የአሮጌዋ ፓሪስ ምስል ለዓለም ባልደረሰ ነበር። ሆኖም በግድግዳ ላይ አድራሻ የሌለው ፍርስራሽ የማንም ፍርስራሽ ይሆናል። የተሰነጠቀው ግንብ የብርሃንና የጥላ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ሲታይ፣ ማን ይኖርበት እንደ ነበር፣ ለምን እንደ ተሰነጠቀና በማን ውሳኔ እንደ ፈረሰ የሚሉት ጥያቄዎች ይደበዝዛሉ። የአትዤ ሥራ ከዚህ አደጋ የተረፈው እርሱ ራሱ ምስሉን ከአድራሻው ስላልነጠለው ነው።

መደምደሚያ፦ ከፓሪስ ወደ ልደታ

የአትዤ ሕይወት ለአዲስ አበባ የሚሰጠው ትምህርት ተግባራዊ ነው። ከልደታ በኋላ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ሰፊ ክፍሎች ፈርሰዋል። አዲስ ፎቶ ፌስት በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማዋ ፎቶግራፍን እንደ ሥነ ጥበብ በግድግዳ ላይ የማየት ልማድ አድጓል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማሳያ ሆኖ ያገለግላል። ግድግዳው አለ ማለት ነው። የሚጎድለው መሳቢያው ነው።

ከአትዤ አሠራር ሦስት ነገሮች በቀጥታ ሊወሰዱ ይችላሉ። አንደኛ፣ የሚፈርስ ሰፈር ምስል ከቦታው ስም፣ ከቀድሞው የቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ከተነሣበት ቀንና ሰዓት ጋር መመዝገብ አለበት። እነዚህ በዐውደ ርእዩ ላይ ከምስሉ አጠገብ መታየት አለባቸው፤ በማውጫ ጀርባ ተደብቀው መቅረት የለባቸውም። ሁለተኛ፣ የባዶ ቤት ምስል ብቻውን የሰፈር ታሪክ አይሆንም። አትዤ በግንቡ ዙሪያ የነበሩትን ድሆች ከነጎጇቸው እንዳነሣ፣ የልደታ ወይም የካዛንችስ ምስልም ነዋሪው፣ እድሩና ጉሊቱ ሳይካተቱበት ሙሉ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ስብስቡ ከአንሺው ዕድሜ በላይ የሚኖርበት ተቋም ያስፈልገዋል። አትዤ በ1920 መንግሥትን የጠየቀው ይህን ነበር። የዛሬው ፎቶግራፍ በመስታወት ሳይሆን በተንቀሳቃሽ ስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚኖር ከመስታወትም ይበልጥ በቀላሉ ይጠፋል።

ሰፈር ፈርሶ ሲያበቃ በግድግዳ ላይ መሰቀሉ ቀላል ነው፤ በዚያ ጊዜ ተከራካሪ የለውም። ከባዱ ሥራ ገና ሳይፈርስ በማለዳ ተነሥቶ በየደጃፉ መቆም፣ የቤቱን ቁጥር መጻፍና የባለቤቱን ስም መጠየቅ ነው። አትዤ ለሠላሳ ዓመት የሠራው ይህን ነው፤ ዝናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።